አዳራሹ ያልሰማው ሃያ ደቂቃ

ጥፋቴን ሰው ፊት መናገር አልወድም። ብወድ ኖሮ ይህን ለመጻፍ ይህን ያህል ዓመት አልቆይም ነበር። ባለቤቴ ግን «ይህን ነገር ባወራኸው ቁጥር ተነስተህ ትንጎራደዳለህ፤ ጻፈውና ቁጭ በል» ካለችኝ ሰነበተች። ይኸው ጻፍኩት። እውነቱን ለመናገር እዚህ መስመር እስክደርስ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ዲላ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ወናጎ ተወልጄ አድጌ፣ ዲላ መናኸሪያው አጠገብ በነበረች አንዲት የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ሙያ ለቃቅሜያለሁ። እጄ ፈጣን ነበር፤ አፌ ግን ከእጄ ይብስ ነበር። ሰው «ይህን ታውቃለህ?» ካለኝ «አላውቅም» የምትለዋ ቃል ከጉሮሮዬ አትወጣም። ለሠርግ ስፒከር ስተክል፣ ለለቅሶ ድንኳን አምፖል ስዘረጋ፣ የማላውቀውን የማውቅ መስዬ እገባበታለሁ፤ ከዚያ ላብ በላብ ሆኜ እወጣዋለሁ። እስከዚያን ቀን ድረስ ሁሌም ወጥቼዋለሁ።

ከተማው ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ አዳራሽ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ ይባላሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ሰውን የሚያስደነግጡ፣ ከሸሚዝ ኪሳቸው ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ ሰው። ለአዳራሹ ከአዲስ አበባ ዕቃ አስመጥተው ሠራተኛ ይፈልጉ ነበርና ሄድኩ። መድረኩ ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል አስገቡኝና አንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ሳጥን አሳዩኝ። ፊቱ ላይ ሁለት ረድፍ ቁልፍ አለ፤ ጀርባው ላይ ሽቦ ተግተልትሏል።

«ይሄ ማትሪክስ ይባላል» አሉኝ። «የተከለው ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ታውቀዋለህ?»

«አሳምሬ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ሰጡኝ።

አሁን እዚህ ላይ ስለ ሳጥኑ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በእሱ አይደለም፣ በእኔ ነው፤ ግን እሱን ካላወቃችሁት የእኔ ጥፋት አይገባችሁም። ሱቃችን ውስጥ መምረጫ የምንላት ትንሽ ሳጥን ነበረች። ሦስት ቪዲዮ ማጫወቻ ይገባባታል፣ አንድ ቴሌቪዥን ይወጣባታል። አንዱን ስትጫን ሌላው ይዘጋል፤ በቃ። እኔ ማትሪክስን የእሷ ታላቅ ወንድም ነው ብዬ ደመደምኩ። አይደለም። ማትሪክስ ብዙ መግቢያ ብቻ ሳይሆን ብዙ መውጫም አለው፤ እያንዳንዱ መውጫ ደግሞ የየራሱን መግቢያ ነው የሚከተለው። አዳራሹ አንድ ነገር ሲሰማ፣ በዚያችው ደቂቃ ግቢው ውስጥ ያለው ድንኳን ሌላ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በላይኛው ረድፍ «ወዴት?» የሚለውን ትመርጣለህ፤ ቀጥሎ በታችኛው ረድፍ «ምን?» የሚለውን። እኔ ታችኛውን ብቻ ነበር የምጫነው። «ምን» የሚለውን ከመረጥኩ «ወዴት» የሚለው ለሁሉም ነው ብዬ አምኛለሁ።

ባለሙያው ሁለት ገጽ መመሪያ ግድግዳው ላይ ለጥፎልኝ ነበር። አላነበብኩትም። እንግሊዝኛ ስለሆነ አይደለም፤ ሳነብ አቶ ግርማ ቢያዩኝ «አታውቀውም ማለት ነው» ይሉኛል ብዬ ነው።

ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ሥራው ሁሉ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ስለነበር የአዳራሹ ድምፅ ለአዳራሹ ነው፤ መሳሳቻ ቦታም የለም። ደሞዜን ተቀብዬ ለአባቴ ጫማ ገዛሁለት። አባቴ ገና ቋሚ ሳልሆን «ልጄ ቋሚ ሆኗል» ብሎ ወናጎ ውስጥ ያልነገረው ሰው የለም።

ከዚያ ስብሰባው መጣ።

የቡና ገበሬዎች ማኅበር ነበር። ድምፅ የሚሰጡት የየመንደሩ ተወካዮች ናቸው፤ እነሱ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሌላው አባል ድምፅ ባይሰጥም አስተያየቱን የመናገር መብት አለው፤ ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ግቢው ጥግ ድንኳን ተተከለለት። ዋናው አጀንዳ ከኮንጋ ወዲያ ሽቅብ በሚገኝ አንድ መንደር ያለችውን ትንሽ የቡና ማጠቢያ ዘግቶ አስፋልት ዳር ካለው ትልቁ ማጠቢያ ጋር መጠቅለል ነው። ከዚያ መንደር አብዛኛው ሰው የሚቀመጠው ድንኳኑ ውስጥ ነበር።

አፌ አላስቀምጥ ብሎኝ ለአቶ ግርማ «ድንኳኑን ከአዳራሹ ጋር አገናኘዋለሁ» አልኳቸው። «እዚህ የሚሆነውን እዚያ በቴሌቪዥን ያያሉ፤ እዚያ የሚናገሩትን እዚህ ይሰማሉ።»

እስክሪብቷቸውን እየነካኩ አዩኝ። «ይሄ ከተሳካልህ ሰኞ የቋሚነት ደብዳቤህን እፈርማለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ገና ሰው ሳይመጣ ገባሁ። ወደ ሳጥኑ የሚገቡት አራት ነበሩ። አንደኛው የአዳራሹ ማይኮችና ካሜራ፣ ሁለተኛው ኮምፒውተሩ፣ ሦስተኛው የድንኳኑ ማይክ፣ አራተኛው የዲቪዲ መቅጃው መልሶ ሲያጫውት። የሚወጡት ደግሞ ሦስት። አንደኛው ወደ አዳራሹ ስፒከርና ስክሪን፣ ሁለተኛው ወደ ድንኳኑ ስፒከርና ቴሌቪዥን፣ ሦስተኛው ወደ መቅጃው። አንድ የጠቀመኝ ነገር ቢኖር ይህን በእጄ ጽፌ በፕላስተር መለጠፌ ነው።

ወደ ድንኳኑና ወደ መቅጃው የሚሄደውን ስሞክር የላይኛውን ረድፍ ነካካሁ። ሁለትና ሦስት ቁጥር ላይ ትንንሽ መብራቶች በሩ፤ አንድ ቁጥር ጨለማ እንደሆነ ቀረ። ዓይኔ አይቶታል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ከታች ሦስትን ተጫንኩና እየሮጥኩ ድንኳኑ ሄጄ ማይኩን ያዝኩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» ድምፄ ከድንኳኑ ስፒከር ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። ከድንኳኑ አዳራሹ ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው። እዚያ ሄጄ መስማቱን ልቤ አላሰበውም።

ስብሰባው ሲጀመር አዳራሹ ለድንኳኑ እንዲታይ ከታች አንድን ተጫንኩ። እኔ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍሌ ነኝ፤ በትንሿ መስኮት የማየው የሰብሳቢውን ጀርባና ራሰ በራቸውን ብቻ ነው። ጆሮዬ ላይ ያደረግኩት ሄድፎን የተሰካው መቅጃው ላይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሪፖርቱ ሲነበብ ዝናብ ጀመረ። የዲላን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለ ሰው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እንጂ ሲናገር አትሰማም። እኔ ሄድፎኔን አጥብቄ ጆሮዬ ላይ ጫንኩ። ሰብሳቢው ስለ ማጠቢያው አብራርተው ሲጨርሱ፣ «አሁን ድንኳን ውስጥ ያላችሁ አባላት አስተያየት ካላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው» አሉ።

ጊዜዬ መጣ። ከታች ሦስትን ተጫንኩ።

በጆሮዬ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። ጎልማሳ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከጌዴኦኛ እየተሻማ ይወጣል።

«እኔ ወርቅነሽ ነው። ከላይኛው መንደር። አማርኛ ብዙ አይችልም። የመንደሩ መምህር ላስተርጉምልሽ አለ፤ እምቢ አልኩ። ዛሬ በአማርኛ ይናገራል፤ አዳራሹ በራሱ ጆሮ እንዲሰማ።»

ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እሷ ጠበቀች፤ ሳቁ ሲያልቅ ቀጠለች።

«እሸት ቡና አይጠብቅም። ጠዋት የተለቀመች፣ ማታ ማጠቢያ ትገባለች። ካልገባች ትሞቃለች፣ ትሸታለች። አስፋልት ዳር አምጡ ትላላችሁ። እሺ። መኪና የለም። ያለው ጀርባ ነው። ጀርባውም የኛ ነው፣ የሴቶች። መንገድ ላይ ወንዝ አለች። ዝናብ ሲመጣ ትሞላለች። አምና ለዘመድ ለቅሶ ወርደን ሁለት ቀን ቆመን አየናት። ቡና ይዘን ቢሆንስ? ጀርባችን ላይ ይሸታል። ማጠቢያ ይዘጋ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ከኛ ጋር አንድ ቀን ተሸከሙ። አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ ዝጉት።»

አንጀቴን በላችው። እናቴም በጀርባዋ ቡና ተሸክማ ነው ያሳደገችኝ። ከእሷ በኋላ አንድ ሽማግሌ በጌዴኦኛ ተናገሩ፤ መምህሩ ተረጎመ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። ተራቸውን ጠብቀው፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ሳይገባበት ነበር የሚናገሩት። በእኛ አገር ሶንጎ ላይ፣ ሽማግሌዎች ለነገር ሲቀመጡ፣ ደንቡ እንዲህ ነው። የሚናገር ሰው አይቋረጥም፤ መልስም የሚመጣው ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ምንም አለማለቱ ለድንኳኑ ሰው አልገረመውም። እየሰሙን ነው፣ በአክብሮት እየሰሙን ነው፣ ብለው ነው ያመኑት። ሦስትን ስጫን ቴሌቪዥናቸው ሰማያዊ ሆኖ የአዳራሹ ምስል መጥፋቱንም የተራቸው ምልክት አድርገው እንደወሰዱት በኋላ ነው የሰማሁት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደ። እኔ በራሴ ሥራ ተኩራርቼ ወንበሬን እያወዛወዝኩ አዳምጣለሁ። ድንገት በሩ ተከፈተና አቶ ግርማ ገቡ። ሄድፎኔን ከአንድ ጆሮዬ አነሳሁ።

«ምን ነክቶሃል? ሁለተኛው አጀንዳ ውስጥ ገብተዋል። የኮምፒውተሩን ሰንጠረዥ አዳራሹ ላይ አሳይ እንጂ።»

«እንዴ፣ ድንኳኑ ገና አልጨረሰም» አልኩ።

«የምን ድንኳን? ድንኳኑማ ምንም አላለም። ሰብሳቢው ጠብቀው ጠብቀው፣ ዝምታቸው መስማማት ነው ብለው አስወሰኑ። ማጠቢያው እንዲዘጋ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

በአንድ ጆሮዬ አቶ ግርማ፣ በሌላው ጆሮዬ አንድ ሽማግሌ ስለ ወንዙ ይናገራሉ። ውሃ ሆንኩ። ሳጥኑን አየሁት። ከላይ ሁለትና ሦስት በርተዋል፤ አንድ ጨለማ ነው። የድንኳኑ ድምፅ ወደ ድንኳኑ ተመልሷል፣ ወደ መቅጃውም ሄዷል። ወደ አዳራሹ ግን አንዲት ቃል አልገባችም። ሰዎቹ የራሳቸውን ድምፅ ከራሳቸው ስፒከር እየሰሙ፣ አገር ሰማን ብለው ነበር። እኔም ከመቅጃው እየሰማሁ አገር ሰማ ብዬ ነበር።

ከታች አንድን ተጫንኩ። የአዳራሹ ድምፅ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። የሽማግሌው ንግግር መካከል ላይ ተቆረጠ።

«አቶ ግርማ፣ የእኔ ስህተት ነው። ተናግረዋል። ሁሉም ተቀድቷል፣ ይኸው...»

በሩን ዘጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ያኔ ነው የሚያስፈሩት። «አዳምጠኝ። ከምሳ በኋላ ቃለ ጉባኤው ይነበባል፣ ይፈረማል። ማኅበሩ ደንበኛችን ነው። አዳራሹ ጉባኤ አበላሸ ከተባለ ሁለተኛ ማን ይከራየናል? አንተም ሰኞ ደብዳቤህን ትወስዳለህ። ያ ዲስክ ተበላሽቷል፤ አልተቀዳም። ገባህ?»

ገብቶኛል አልኩ። የምሳ ዕረፍት ሆነ፤ አንድ ሰዓት።

መቀመጫዬ እሾህ ሆነብኝ። ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ ግቢው ጭቃ ሆኗል። እግሬ ወደ ድንኳኑ ወሰደኝ፤ ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ውሳኔው ደርሷቸዋል። ዳቦና ለስላሳ ታድሏቸዋል፤ የሚበላው ጥቂት ሰው ነው። የላይኛው መንደር ሰዎች በአንድ ወገን ተሰብስበው በጌዴኦኛ ይጨቃጨቃሉ። ከእነሱ ራቅ ብላ፣ ጥግ ላይ፣ ሻሽዋን ወደ ግንባሯ የሳበች ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ያልተነካ ዳቦ ጭኗ ላይ አለ። ማን እንደሆነች ሳይነግሩኝ አወቅኩ።

አየችኝ። እጄ ላይ የጠቀለልኩትን ሽቦ አየች።

«ልጄ፣ የማይክ ሰው ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«አዳራሹ ውስጥ ድምፃችን በደንብ ተሰማ?»

አሁን ብትጠይቁኝ ምን እንደያዘኝ አልነግራችሁም፤ አላውቀውምና። አፌ እንደለመደው ቀደመኝ። «አዎ እማማ፣ በደንብ ተሰምቷል።»

ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው አማርኛዬ ነው» አለች። «መምህሩ ይናገር ብለውኝ ነበር። እነሱም» በአገጯ ወደ መንደሯ ሰዎች እያሳየች «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው አሉኝ። እውነት ነው። እኔ ነኝ። በደንብ ብናገር አዳራሹ እምቢ አይልም ነበር።»

እኔ እዚያ ቆሜያለሁ። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ስዋሽ ግን ሌላ ሰው ከፍሎልኝ አያውቅም ነበር፣ ወይም ከፍሎ ከሆነ ፊቱን አላየሁትም። ይህች ሴት የእኔን ጥፋት ራሷ ላይ ጭና ቁጭ ብላለች። የሚገርማችሁ፣ ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን አልነገርኳትም። ዞር አልኩና ሮጥኩ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ከዚያ በሁለት ወር ከሦስት ሳምንት ውስጥ ያላደረግኩትን አደረግኩ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። ቃል በቃል፣ ጣቴን ከመስመሩ ሳላነሳ። ለማንበብ የፈጀብኝ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሩብ ሰዓት። መጀመሪያ መውጫውን ምረጥ፤ የበራው ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ያልበራው በፊት በያዘው ይቀጥላል። እንዲህ ይላል። አንድ ልጅ ሊያነብበው የሚችል ነገር ነው።

ዲስኩን ወደ ኋላ መልሼ የእሷን ድምፅ መጀመሪያ አገኘሁት። ከላይ አንድን ተጫንኩ፤ በራች። ሁለትን እንደበራች ተውኳት፤ ሦስትን አጠፋኋት። መቅጃውን መልሼ ለማጫወት ከታች አራትን መጫን ብቻ ቀረኝ። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። አባቴ ወናጎ ላይ አዲሱን ጫማውን አድርጎ ሲሄድ ታየኝ።

ጉባኤው ተመልሶ ተቀመጠ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ጀመረ። «...ከድንኳን የተሳተፉ አባላት ተቃውሞ ባለማቅረባቸው...» ሲል አራትን ተጫንኩ።

«እኔ ወርቅነሽ ነው። ከላይኛው መንደር።»

የጸሐፊው ማይክ በዚያችው ቅጽበት ከአዳራሹ ተቆረጠ፤ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፤ የሳጥኑ ሥራ ይህ ነው። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ብቻ አለ። በመስኮቷ ሰብሳቢው ሲነሱ አየሁ፤ «ምንድን ነው ይሄ? አጥፉት» ይላሉ፤ ግን ማይካቸው አይሠራም፤ ድምፃቸው ከመጀመሪያው ረድፍ አያልፍም። በሩ ይደበደብ ጀመር። አቶ ግርማ ናቸው። «ክፈት። ክፈት ብዬሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛ አይደለህም።»

አልከፈትኩም። ፊቴን መስኮቷ ላይ ስለጥፍ ከሰብሳቢው ጎን የፊተኞቹ ረድፎች ታዩኝ።

ያን ጊዜ ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። አቶ ጅግሶ ይባላሉ፤ የሌላ መንደር ተወካይ ናቸው፤ ጠዋት ማጠቢያው ይዘጋ ብለው እጃቸውን ካወጡት አንዱ። ከዘራቸውን ወደ ሰብሳቢው ዘርግተው የተናገሩትን ቀርበው የነበሩ ሰዎች በኋላ ነገሩኝ።

«ተቀመጥ። ሴትዮዋ እየተናገረች ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ሰው ሳይጨርስ የምናቋርጠው?»

ሰብሳቢው ተቀመጡ።

ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ አዳራሽ ሰው ባዶ ሰማያዊ ስክሪን እያየ አዳመጠ። ወይዘሮ ወርቅነሽ «አንድ ቀን ተሸከሙ» ስትል ከተወካዮቹ መካከል አንገቱን የደፋ አየሁ። የመጨረሻው ሽማግሌ ንግግር እኔ በቆረጥኩበት ቦታ ላይ ተቆረጠ። ያን ጊዜ በሩን ከፈትኩ፤ አቶ ግርማን አልፌ መድረኩ ላይ ወጣሁና የአዳራሹን ማይክ ይዤ ብናገር ድምፅ የለም፤ ለካ ቁልፉን አልመለስኩትም። ተመልሼ ገባሁ፣ ከታች አንድን ተጫንኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ጠቀመኝ።

«ይህ ጠዋት የተነገረ ነው» አልኩ። «እኔ ማሽኑን ሳላውቀው አውቃለሁ ብዬ ነው ያልሰማችሁት። ድንኳኑ ዝም አላለም።»

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የጠዋቱ ውሳኔ ተሰረዘ። ተጨቃጨቁ፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ አምስት ተወካዮች ወደ ላይኛው መንደር ሄደው በለቀማ ቀን አንድ ቀን እንዲሸከሙና አይተው እንዲናገሩ ተወሰነ። አቶ ጅግሶ በዕድሜያቸው ምክንያት ይቅሩ ቢባሉ እምቢ ብለው ሄዱ። ወንዟ ጋ ሲደርሱ ከረጢታቸውን አውርደው ቁጭ አሉ አሉ፤ «እኔ ጨርሻለሁ፤ ማጠቢያው አይዘጋም» ብለው። አልተዘጋም። ከዚያ በኋላም ብዙ የቡና ወቅት ሠርቷል።

እኔም ሰኞ ደብዳቤዬን ወሰድኩ፤ የስንብት። አቶ ግርማን አልቀየምኳቸውም፤ ያሉትን ነው ያደረጉት። አባቴ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ጫማውን እያሰረ «ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ የእናትሽ ወገን ናት» አላት እህቴን፤ ለእኔ እንድትነግረኝ መሆኑ ነው። እርቃችን በዚህ አለቀ።

ዛሬ ሥራዬ ይኸው ነው። ዲላም፣ ሐዋሳም፣ ሌላም ከተማ እየዞርኩ ይህንኑ ሳጥን እተክላለሁ፣ የሚጠቀሙበትን ሰዎችም አስተምራለሁ። አንድ ልማድ አለኝ፤ የሚያውቁኝ ይስቁብኛል። ከስብሰባ በፊት አንዱ እዚህ ጫፍ ይናገራል፣ እኔ በእግሬ እዚያ ጫፍ ሄጄ እሰማለሁ። አምስት ስፒከር ቢኖር አምስቱም ጋ። መብራቱ በርቷል ቢሉኝ አላምንም፤ በሄድፎን ይሰማል ቢሉኝ አላምንም። የምታነቡኝ ሰዎች፣ ከእናንተ መካከል ሰው የሚሰበስብ፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ፣ «ከወዲያ ተቃውሞ የለም» ብሎ የሚፈርም ካለ፣ እለምናችኋለሁ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ያችን ስልሳ እርምጃ ሂዱ። ስለማላውቀው ነገር ሲጠይቁኝም «አላውቅም፤ መመሪያውን ላንብብ» እላለሁ። ቃሏ አሁንም ጉሮሮዬን ትቧጥጠኛለች፤ ግን ትወጣለች።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀረሁ። ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ስለሆነ ነው ወደ መጨረሻ የገፋሁት።

የዚያን ቀን ከመድረኩ ወርጄ በቀጥታ ድንኳኑ ሄድኩ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ቆማ ነበር። ድምፅዋን ከአዳራሹ ሰምታዋለች፣ በድንኳኑ ስፒከርም ሰምታዋለች፤ ነገሩ ግን ገና በቅጡ አልገባትም።

«እማማ፣ አማርኛዎ ምንም አልነበረበትም» አልኩ። «አዳራሹ ጠዋት አልሰማዎትም። እኔ ነኝ ያላሰማሁት።»

«ቅድም ተሰማ አልከኝ።»

«ዋሸሁ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበችኝም። ቡና ለቀማ ባሻከረው እጇ የእጄን አንጓ ያዘችኝና በጭቃው ላይ ጎትታ የመንደሯ ሰዎች ወደተሰበሰቡበት ወሰደችኝ። ጠዋት ያበላሸሽው አንቺ ነሽ ያሏት ሰዎች ፊት አቆመችኝ። ማይኩ አጠገባችን ነበር፤ እጄን ወደ እሱ ስሰድ መታችኝ።

«እሱን ተወው» አለች። «በአፍህ ንገራቸው።»

ነገርኳቸው።